ካሊፐር ካስቀየርኩ ወዲህ ፍሬኑ ስፖንጅ ሆነ፤ ማስተሩ ነው ወይስ ሌላ?

የማርቆሱ ፊዚክስ (ሰኞ፣ ማታ 2:20)

ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ስለሚረዝም ታገሱኝ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የ2003 ስሪት በፈረንጅ። ደብረ ማርቆስ የማስተምር ሰው ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ ጎሃ ጽዮን ምሳ በልቼ አባይን ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ አንድ የጫነ ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣ ስለነበር የሱ ነው ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። መስኮቱም ተዘግቶ ሽታው አብሮኝ ወጣ።

ደጀን ቆሜ ጎማዎቹን ዞርኩ። የግራው የፊት ቸርኬ ገና እጄን ሳስጠጋ ፊቴ ድረስ ይጋረፋል። ከላስቲክ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስስ አለ። የቀኙ ላይ ያው ውሃ ዝም ብሎ ወረደ። እንደምንም ቀስ ብዬ ማርቆስ ገባሁ።

ጋራዥ ሲፈታ የካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ብረት) ፒስተን ዝጎ ተይዟል። የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ ተቀዶ ውስጡ ጭቃ ነው። "ይሄ አይድንም፣ ካሊፐሩን ግዛ" ተባልኩ። ከሶማሌ ተራ ከመኪና የተፈታ አንድ ተገዝቶ በአውቶብስ ተላከልኝና ዓርብ ተገጠመ።

ችግሩ ይሄው ነው፦ ፍሬኑ ይሰምጣል። ሦስት አራቴ ስረግጠው ጠጠር ይላል፤ ትንሽ ቆይቼ ስረግጠው እንደገና ይሰምጣል። ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ሦስት ጊዜ አወጡ፣ ሦስት ጠርሙስ ፍሬን ዘይት አለቀ። አሁን "ማስተሩ ነው የሞተው" እያሉኝ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዋናው ፓምፕ ማለት ነው። ከመግዛቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

አባይ ወራጅ (ሰኞ፣ ማታ 2:41)

ወንድሜ መጀመሪያ እንኳን በሰላም ገባህ። ሽታው አቀበት ስትወጣ ስለመጣ እድለኛ ነህ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

ማስተር አትግዛ። ዓርብ ጠዋት ደህና የነበረ ማስተር ካሊፐር ስለተቀየረ ከሰዓት በቀላሉ አይሞትም።

ቀይሮ መገላገል (ሰኞ፣ ማታ 2:58)

እኔ ከዚህ በተቃራኒ ነኝ። የ20 ዓመት መኪና ነው። ማስተሩንም፣ የቀኙንም ካሊፐር፣ ቱቦዎቹንም ቀይርና ተገላገል። በፍሬን ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

አባይ ወራጅ (ሰኞ፣ ማታ 3:02)

መኪናውንስ ለምን አይቀይረውም? 😂

ጋራዥ ቡሬ (ሰኞ፣ ማታ 3:30)

መምህር፣ እንደምን አመሸህ። ገንዘብህን ከኪስህ ሳታወጣ ሦስት ነገር አረጋግጥልኝ።

አንደኛ፣ ካሊፐሩ ከመቀየሩ በፊት ፍሬኑ ደህና ይረገጥ ነበር ወይ?

ሁለተኛ፣ ወደ አዲሱ ካሊፐር የምትሄደውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው ቀስ አድርገው በመቆንጠጫ ይያዙልህና ፍሬኑን ርገጥ። ፒንሳ በባዶው እንዳያስነክሱት፣ ቱቦው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ተይዞ ሳለ ፍሬኑ ጠጠር ካለ ማስተርህ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ከዚያች ቱቦ በታች ነው። ተይዞም ከሰመጠ ያኔ ስለ ማስተር እናወራለን።

ሦስተኛዋ እዚህ ግባ የማትባል ትመስላለች፣ እኔ ግን ያስቸኮለችኝ እሷ ናት፦ አዲሱ ካሊፐር ላይ አየር ማውጫዋ ቡሎን ወደየት ታያለች? ወደ ሰማይ ነው ወደ መሬት?

የማርቆሱ ፊዚክስ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:10)

ጋሼ፣ በምሳ ሰዓት ሄጄ አየሁ።

አንደኛው፣ አዎ፣ ደህና ነበር። መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትት ነበር እንጂ አይሰምጥም ነበር። ሁለተኛው፣ ቱቦውን ሲይዙት ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። መካኒኩም ገርሞት ሁለት ጊዜ ደጋገመው።

ሦስተኛው... ወደ መሬት። አየር ማውጫዋ ከታች ናት። ወደ ቀኙ ጎማ ዞሬ ሳይ እዚያ ከላይ ናት። ቱቦውም በግራው በኩል ትንሽ ተጠማዞ ነው የገባው።

ጋራዥ ቡሬ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:25)

በቃ፣ ተገኘ። የቀኝ ካሊፐር ነው የተላከልህ።

የግራና የቀኝ ካሊፐር ሲያዩት መንታ ነው፤ በብዙ ትንንሽ መኪና ላይ ቡሎኖቹም ቀዳዳዎቹም ስለሚገጥሙ ተገልብጦ ይገባል። ግን አየር ከዘይት በላይ ነው የሚቀመጠው። ማውጫዋ ከታች ከሆነች የምታወጣው ዘይቱን ብቻ ነው፤ አየሩ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ሦስት ጠርሙስ አይደለም ሠላሳ ጠርሙስ ብታፈስበት አይወርድልህም። አንተ ደግሞ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ትላለህ።

የማርቆሱ ፊዚክስ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:31)

ጋሼ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ይህንኑ የፈሳሽ ግፊት ምዕራፍ እኮ ዘንድሮ አስተምሬዋለሁ።

አባይ ወራጅ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:44)

😂😂 ተማሪዎችህ ይህን ገጽ እንዳያገኙት።

የደምበጫው (ማክሰኞ፣ ቀን 8:15)

እኔ አንድ ጋራዥ ሲሠሩ ያየሁት ዘዴ አለ። ካሊፐሩን ከቦታው ሁለቱን ቡሎን ፈትተው ያወጡትና ማውጫዋ ወደ ላይ እንድትሆን በእጅ ገልብጠው ይይዙታል። በሸራዎቹ መካከል ፒስተኑ እንዳይወጣ ጣውላ ያስገባሉ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ አየር ያወጣል፣ ከዚያ መልሰው ያስሩታል። አየሩ ይወጣል። ለምን እንደዚያ አያደርግም?

ጋራዥ ቡሬ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:50)

ልጄ ያልከው ልክ ነው፣ አየሩ ይወጣል። ከመንገድ ላይ ለመነሳት እኔም አድርጌዋለሁ። ለመኖሪያ ግን አልመክርም። ቱቦው የተጠማዘዘ ነው ብሏል፤ መሪ ሲዞር ጎማው ላይ ወይ ጎማውን በሚይዘው ብረት ላይ መፋተግ ይጀምራል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ መካኒክ ሸራ ሊቀይር ይመጣል፣ ይህን ታሪክ አያውቅም፣ አየር ያወጣል፣ አይወጣለትም፣ "ማስተርህ ሞቷል" ይልሃል። እዚያው እንመለሳለን።

ለመሆኑ መምህር፣ ያ የድሮው ካሊፐርህ የት ነው? ብረት ለሚገዛ ሰው ሰጥተኸው ባልሆነ።

የማርቆሱ ፊዚክስ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:05)

አለ፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ በጆንያ ጠቅልዬዋለሁ። አይድንም ስለተባለ ነው እንጂ...

ጋራዥ ቡሬ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:48)

እንኳን አልጣልከው። "ካሊፐር አይድንም" የሚለውን ቃል እኔ በቀላሉ አልቀበልም። ምክንያቱን ልንገርህ።

በካሊፐር ውስጥ ሁለት ጎሚኒ ነው ያለው። ከውጭ የምትታየዋ ስሷ የአቧራ መከላከያ ናት። ከውስጥ ግን በብረቱ ቦይ ውስጥ የተቀመጠች ወፍራም፣ ጠርዟ አራት ማዕዘን የሆነች ቀለበት አለች። ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት፤ ፒስተኑን የምትመልሰውም እሷው ናት። ፍሬን ስትረግጥ ፒስተኑ ሲወጣ ይዟት ትለመጣለች። እግርህን ስታነሳ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፒስተኑን ጎትታ ይዛው ትገባለች፣ ከሚሊ ሜትር በታች። ሌላ መላሽ ስፕሪንግ የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ሳይፈስም እሷ ከደረቀች ወይ ፒስተኑ ከዛገ ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይቀራል፤ ደጀን ላይ ያየኸው ጭስታ እሱ ነው።

አሁን ዋናው፦ ጎሚኒዋ የተቀመጠችው በካሊፐሩ ቤት ነው፤ የምታሻሸው ግን ፒስተኑን ነው። ዘይት የሚይዘው የፒስተኑ ገላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ተበልቶ ጉድጓድ ካበጀ ፒስተን ይቀየራል፣ ካሊፐር አይቀየርም። ቤቱ ውስጥ ያለው ቀላል ዝገት በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ ይጸዳል። ካሊፐሩ የሚጣለው ጎሚኒዋ የምትቀመጥበት ቦይ ራሱ ከተበላ፣ ወይ ቤቱ ከተሰነጠቀ፣ ወይ አየር ማውጫዋ ውስጡ ተሰብራ አልወጣ ካለች ነው።

ሐሙስ ገበያ የለኝም፣ ይዘኸው ና። ከማርቆስ ቡሬ ሩቅ አይደለም። አንተ በአውቶብስ ና፣ መኪናዋን በዚያ ፍሬን እንዳትነዳት።

ቀይሮ መገላገል (ማክሰኞ፣ ማታ 3:10)

ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ካሊፐር? አዲስ ቢገዛ ግማሽ ቀን ነው ሥራው።

ጋራዥ ቡሬ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:16)

አዲስ ካገኘ ይግዛ፣ አልከለክልም። ያገለገለ ካሊፐር ግን ያ ሌላ ሰው መኪና ላይ ስንት ዓመት እንደ ቆየ፣ ጎሚኒው መቼ እንደ ተነካ አታውቅም። የራስህን በሽታ ሸጠህ የሌላ ሰው በሽታ መግዛት ነው። ያገለገለም ብትገዛ ጎሚኒውን ሳትቀይር እንዳትገጥም።

እታለም ፍኖተ ሰላም (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:05)

ጤና ይስጥልኝ። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው፣ ጣልቃ ልግባ። የኔ ኮሮላ አትሰምጥም፣ አትሸትም። ግን ሸራ ስቀይር የቀኙ ጎማ የውስጥ በኩል ሸራ አልቆ ብረቱ ሊደርስ ሲል የውጭው ገና ወፍራም ነው። ጋራዥ ስጠይቅ "ሴት ስትነዳ ፍሬን ታበዛለች" ተባልኩ። እኔ ፍሬን ካበዛሁ ሁለቱም አያልቁም ወይ?

ጋራዥ ቡሬ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40)

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ መልሰሽዋል። ያለሽው ሰው ጥያቄሽ ስለከበደው ነው።

የኮሮላሽ ካሊፐር ተንሳፋፊ የሚባለው ነው፤ ፒስተኑ ከውስጥ በኩል አንድ ብቻ ነው። የውስጡን ሸራ ራሱ ይገፋል፤ የውጭውን የሚስበው ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ ነው። ፒኖቹ ከደረቁ መንሸራተቱ ይቀራል፣ ሥራው ሁሉ በውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ሸራዎች አብረው አልቀው ከሌላው ጎማ ሸራ ግን በጣም ከቀጠኑ ያኔ ፒስተኑን ወይ ቱቦውን እጠረጥራለሁ።

ሁለቱን ፒን አስፈቺና አስጸጂ። የጎማ መከላከያቸው ከተቀደደ ይቀየር። በብዙ ቶዮታ ላይ አንደኛዋ ፒን ጫፏ ላይ ትንሽ ጎማ አላት፤ የላይና የታች ናቸውና ከመፍታታቸው በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሲመለሱ የሚቀቡት የሲሊኮን ቅባት ብቻ ነው። ያ ለኩሽኔታ የሚደረገው ግራሶ እንዳይነካቸው። ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎማ ፒኗን ያንቃታል፣ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ነሽ።

እታለም ፍኖተ ሰላም (ረቡዕ፣ ማታ 1:30)

አስፈታሁ፣ ከወንድሜ ጋር ቆሜ። የላይኛዋ በእጅ ወጣች። የታችኛዋ በመዶሻና በቺያቤ ግማሽ ሰዓት ፈጀች። ስትወጣ ያለባት ነገር ግራሶ አይመስልም፣ የደረቀ የቡና አተላ ነው። ተጸድታ ስትመለስ በአንድ ጣት ገፋ ሳደርጋት ገባች፣ ስለቃት ራሷ ትንሽ ተመለሰች። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሴት ስትነዳ ያለኝን ሰውዬም አሳይቼዋለሁ፣ "እኔም እሱን ልል ነበር" አለኝ።

የደምበጫው (ረቡዕ፣ ማታ 1:52)

ጋሼ ቱቦውን ደግሞ እንዴት ነው የምንለየው? ፒስተን ይሁን ቱቦ?

ጋራዥ ቡሬ (ረቡዕ፣ ማታ 2:20)

ጎማው በክሪክ ተነስቶ በእጅ አልዞር ሲል አየር ማውጫዋን ትንሽ ፍታት። ዘይት ተፈናጥሮ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ የታመቀ ግፊት ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቱቦዋ ከውስጥ ተልጣ እንደ በር ዘይቱን አሳልፋ አልመልስ ስትል ነው። ከውጭ ስታያት አዲስ ትመስላለች። ፈተሃትም ጎማው ካልተለቀቀ የተያዘው ብረት ነው፣ ፒስተን ወይ ፒን።

አባይ ወራጅ (ረቡዕ፣ ማታ 3:00)

እስኪ ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ላይ ሰው አይጠነቀቅም።

ከጥቂት ዓመት በፊት ሚኒባስ ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ እየመጣሁ ነው። ተሳፋሪ ሙሉ፣ ላዩ ላይ ጭነት። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ በከፍተኛ ማርሽ እየለቀቅኩ በፍሬን ነው የምይዛት። አባይ ቁልቁለት ላይ ፍልቅልቅን አልፌ ትንሽ እንደ ሄድኩ ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ወለል ነካ። ደገምኩ፣ ወለል። እንደ ምንም ማርሽ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬን እየጎተትኩ፣ የተራራውን ጥግ ተጠግቼ አቆምኳት። ረዳቴ ወርዶ ድንጋይ አስገባ። አንዲት እናት "ምነው ልጄ ለምን ቆምክ" ሲሉኝ "ሞተሩ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው" አልኳቸው። እጄ ግን መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አርባ ደቂቃ ቆይቼ ስረግጠው ፍሬኑ እንደ አዲስ ጠጠር ብሎ ተመልሷል። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ማርቆስ ስገባ ዘይቱ ተከፍቶ ሲታይ የጀበና አተላ ነው የሚመስለው። መቼ ተቀይሮ እንደሚያውቅ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

የማርቆሱ ፊዚክስ (ረቡዕ፣ ማታ 3:35)

ይህን እንኳ እኔ ልመልሰው፣ ትንሽ ክብሬን ላስመልስ።

ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ ወደ 3.7 ከመቶ ውሃ ከያዘ ግን 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ እግርህ ዘይት መግፋቱ ቀርቶ እንፋሎት ይገፋል። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ፍሬኑም ይመለሳል። ለዚህ ነው ምንም ሳይፈስ የተመለሰልህ።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ዛሬ ለክፍሌ አስላኋቸው። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። 1000 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ስትወርድ በፍሬን ብቻ ብትይዛት የሚወጣው ሙቀት 30 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። የሰው ሙሉ ሚኒባስ እጥፍ ከዚያም በላይ ነው። ይህን ሁሉ ካልፈለግክ በሞተር መያዝ ነው፣ በምትወጣበት ማርሽ መውረድ።

አባይ ወራጅ (ረቡዕ፣ ማታ 3:41)

ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ እዚያው ጥግ ላይ ለተሳፋሪው ሁሉ ሻይ እጥድ ነበር።

ጣና ቻርጅ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:50)

ከባሕር ዳር። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ፍሬን እምብዛም አልረግጥም፣ ሸራዬ እስከ ዘላለም ይቆያል ማለት ነው?

ጋራዥ ቡሬ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3:15)

ሸራው ይቆያል፣ ካሊፐሩ ግን ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ፒን ደግሞ ይዝጋል፣ በተለይ ክረምት ከባሕር ዳር ጭቃ ጋር። በዓመት አንዴ አስፈትተህ ፒኖቹን አስጸዳ፣ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይር። የኋላው የእጅ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፒስተኑን በመቆንጠጫ በግድ እንዳይገፉብህ፤ መጀመሪያ በኮምፒውተር ለጥገና መከፈት አለበት። በገመድ የሚጎተት የእጅ ፍሬን ካሊፐሩ ውስጥ ያለባቸውም የነዳጅ መኪኖች አሉ፣ የእነሱ ፒስተን እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። አንዱ ልጅ በሞርሳ ሲጨምቀው ውስጡን ሰብሮት አይቻለሁ።

መምህር መጥቷል፣ በኋላ እመለሳለሁ።

የማርቆሱ ፊዚክስ (ዓርብ፣ ማታ 2:10)

ተመለስኩ፣ በነገሩ ሁሉ ልንገራችሁ።

ጋሼ ካሊፐሩን ሞርሳ ላይ አስሮ ፒስተኑን ሊያወጣ ሲል ከኋላ እንድቆም አዘዘኝ። በመኪናው ላይ ቢሆን በፍሬን ፔዳሉ ግፊት ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር አለኝ፤ አሁን ስለተፈታ በኮምፕረሰር አየር ነው። ፒስተኑ የሚወጣበት ላይ ወፍራም ጣውላ አደረገ፣ ጣቱን ከዚያ አርቆ አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ "ጧ!" አለ፣ ጣውላው ዘለለ። አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ጥፍሩ ጠማማ ነው። "ተለማማጅ ሳለሁ ያለ ጣውላ ነው ያወጣሁት" አለኝ።

ፒስተኑ ከውጭ በኩል ሙሉ ዙሪያውን ተበልቷል፣ በጥፍር ሲዳሰስ ይይዛል። የካሊፐሩ ቤት ግን ከአፉ ላይ ካለች ትንሽ ዝገት በቀር ንጹህ ነው። ቦዩንም በቀጭን እንጨት ጠርጎ አሳየኝ። ፒስተንና ሁለቱ ጎሚኒዎች አዲስ ተገኙ። ጎሚኒዋን በንጹህ ፍሬን ዘይት አርሶ በጣቱ አስቀመጣት፣ ፒስተኑንም በዘይት አርሶ በሁለት አውራ ጣት ገፋው፣ ገባ። መዶሻ አልነካውም።

ቤንዚን ውስጥ የታጠበ ነገር እንዳይጠጋው የከለከለውን ደግሞ አላመንኩትም ነበር። እኛ ጋ ሁሉም ነገር በቤንዚን ነው የሚታጠበው። አሮጌዋን ጎሚኒ ይዤ መጥቼ ማታ በብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ጣልኳት። ዛሬ ጠዋት ክፍል ይዣት ገባሁ፤ አብጣ፣ ሰፍታ፣ ከወጣችበት ቦይ ጋር ስትነጻጸር የሌላ መኪና ነው የምትመስለው። አንዱ ተማሪ "መምህር ይቺ ጎሚኒ አግብታ ወልዳለች" አለ።

ዛሬ ከሰዓት ማርቆስ ላይ ገጠምነው። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ የሚታሰርበትን ቡሎን ሁለቱን የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ አደረግን፣ ካሊፐሩ በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አንጠለጠልነው፣ አየር ማውጫዋ ወደ ሰማይ መሆኗን እኔ፣ መካኒኩና አላፊ አግዳሚው አረጋገጥን። ፔዳሉንም ወለል ድረስ እንዳንሰደው ጋሼ በስልክ ከልክሎናል፤ አሮጌ ማስተር ውስጥ ጎሚኒው ሄዶ የማያውቅበት ዝገት ላይ ሲሄድ ይቀደዳልና ከፔዳሉ ሥር ጣውላ አድርጉ አለን። በግማሽ ጠርሙስ አለቀ። ጠጠር ነው።

አባይ ወራጅ (ዓርብ፣ ማታ 2:22)

ተመስገን! ሞክረኸዋል?

የማርቆሱ ፊዚክስ (ዓርብ፣ ማታ 2:30)

መጀመሪያ ቆሜ ሸራው ዲስኩን እስኪይዝ ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ከዚያ እስከ አማኑኤል ሄጄ ተመለስኩ። አትጎትትም። ሁለቱም ቸርኬ ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩ፣ ሁለቱም ዝም ብለው ወረዱ።

ቀይሮ መገላገል (ዓርብ፣ ማታ 2:51)

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ለመሆኑ ያን የተላከልህን ካሊፐር ባለሱቁ መለሰልህ?

የማርቆሱ ፊዚክስ (ዓርብ፣ ማታ 3:04)

"የተሸጠ አይመለስም፣ አንተ ግራ ብለህ አልጻፍክም" አለኝ። መልእክቴን ስፈልገው እውነትም "የፊት" ብቻ ነው ያልኩት።

እናም የቪትዝ የፊት የቀኝ ካሊፐር የሚፈልግ ሰው ካለ ማርቆስ ነኝ። ጎሚኒዎቹን አዲስ አድርጌለታለሁ። አየር ማውጫዋ ወደ ላይ ናት፣ ቀኝ እስካሰራችሁት ድረስ።